ነግ በእኔ ያላለው ጭብጨባ



በ2010 ዓ.ም አገራችን በከባድ ጭንቅ ውስጥ በነበረችበት ወቅት፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሁለት ታላላቅ የሙዚቃ ኮንሰርቶች ተካሄዱ። የመጀመሪያው ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉና ቁጥራቸው እስከ 700,000 ይደርሳል ለተባለ ኦሮሞዎች ገቢ ለማሰባሰብ በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የተዘጋጀው ነበር። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ በዚያ መድረክ ላይ ሲዘፍን ዝግጅቱ በኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሁለተኛው በጥር ወር በባሕር ዳር ስታዲየም የተካሄደው ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ መድረክ የተነፈገው ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) በዚያ ስታዲየም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ቆመ። ብዙም ሳይቆይ የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ።

ሁለት ዘፋኞች ጠቅላይ ሚኒስትር አወረዱ ልል አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ተረት ለሌሎች እተወዋለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ስለነዚያ ወራት ከሚጽፉት ወገኖቻችን መካከል ሁለቱን መድረኮች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያነሣ ጥቂት ነው። አንዱን የሚያወድስ ሌላውን እንዳልተደረገ ይቆጥረዋል፤ ካነሣውም ሊያጥላላው ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ዓይነት አፈና የወጡ ሁለት ድምፆች እንዴት የሁለት ጠላት አገሮች ብሔራዊ መዝሙር እስኪመስሉ ድረስ ተራራቁ?

መልሴን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥ። በኢትዮጵያ ኮንሰርት መብት ሆኖ አያውቅም፤ ችሮታ ነው። ባለሥልጣን ሲፈቅድ ይሰጠዋል፣ ሲከፋው ይነሣዋል። ችሮታውም በየከተማውና በየክልሉ ስለሚታደል ዘፋኙን የአድማጩ ሳይሆን የፈቀደለት ወገን ንብረት አድርጎታል። ተጠያቂው ግን መንግሥት ብቻ አይደለም። የሌላው ወገን መድረክ በተዘጋ ቁጥር «ይበለው!» እያለ ሲያጨበጭብ የኖረው የተማረው ክፍል፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው የከተማ ሰው ጭምር ነው።

እረኛ ምን አለ?

የቀድሞ ገዥዎች የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ሹመት የለውም፣ ደመወዝም የለውም፤ ስለዚህ የሚያንጎራጉረው እውነት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን ጥበብ የረሱ መሪዎች ግን እረኛውን ከመስማት ይልቅ ማሰር መረጡ።

ሃጫሉ በልጅነቱ በአምቦ አካባቢ ከብት እየጠበቀና በትምህርት ቤት ክበብ እየዘፈነ ነበር ያደገው። እ.ኤ.አ. በ2003 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በፖለቲካ ተሳትፎው ታሰረና አምስት ዓመት ያህል በአምቦ ወኅኒ ቤት አሳለፈ። እኩዮቹ ፊደልና ቀመር ሲያጠኑ እርሱ በእስር ቤት ዜማ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲፈታ ያን ሥራ ይዞ ወጣ፤ በዓመቱም «ሰኚ ሞቲ» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ታተመ። ሁለተኛው «ዋኤ ኬኛ» እ.ኤ.አ. በ2013 ተከተለ። ከዚያም በ2007 ዓ.ም «ማላን ጅራ»፣ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ «ጅራ» ወጡ። የሁለቱን ርዕሶች ትርጉም ብቻ አስተውሉ። የፊተኛው «ምን ኑሮ አለኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ የኋለኛው «አለን» ብሎ ይመልሳል። በሁለቱ መካከል የነበሩት ሁለት ዓመታት በዚህ አገር ላይ ምን እንዳደረሱ የምዕራብ ሸዋ ሰው ተነግሮት አይደለም የሚያውቀው።

ታዲያ እረኛው ያለውን ማን ሰማ? የአምቦ፣ የጉደር፣ የግንጪ ወጣት ሰምቷል። አማርኛ ተናጋሪው የከተማ ምሁር ግን አብዛኛው አልሰማም፤ ቋንቋው ስላልገባው ብቻ ሳይሆን መስማት እንዳለበት ስላልተሰማውም ጭምር። ይኸው ምሁር የማሊን ሳሊፍ ኬታ፣ የሴኔጋሉን ዩሱ ንዱር ቋንቋቸውን ሳያውቅ ያደምጣል። ከመዲናዋ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና የሚያስኬድ ከተማ የወጣ ድምፅ ግን ሩቅ ሆነበት።

ባለባንዱ መንግሥት

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህ በሽታ ትናንት የጀመረ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ለረጅም ዘመን ራሱ የባንዶች ባለቤት ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስመ ጥር የነበሩት ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ነበሩ። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ባለ ማዕረግ። ጥላሁን ገሠሠን ያህል ድምፅ እንኳ የክብር ዘበኛ ሰው በመሆኑ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለእስር ተዳርጓል። ሸክላ ማሳተምም መንግሥት ለአንድ ማኅበር ብቻ የሰጠው መብት ነበር። ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ባያሳትም ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ሳይቀረጽ በቀረ ነበር።

በድሬዳዋ ደግሞ አፍራን ቀሎ የተባለ ቡድን ተመሠረተ። በኦሮምኛ መዝፈኑ ለባለሥልጣናት ወንጀል መሰላቸው፤ ወከባውም ቡድኑን እንዲበተን አደረገው። ከዚያ ቡድን የተገኘው ታዳጊ ዓሊ ቢራ ኋላ አዲስ አበባ መጣና በዚያው በክብር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ዘፈነ። ምጸቱን ተመልከቱ፤ ድምፁ የሚያስፈራው በራሱ መድረክ ሲሆን ነው፤ በመንግሥት መድረክ ሲሆን ግን ጌጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት ሥርዓቶች ይህን ሕግ አልሻሩትም፤ አሻሻሉት እንጂ።

ደርግ የሰዓት እላፊ አወጀ። የሌሊት ክበቦች ደረቁ፤ ባንዶች በየትልልቅ ሆቴሎች ተጠለሉ። የዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሎቹ አባላቱ በዚያው ቀሩ፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ሆኖ ረጅም ዓመታት አሳለፈ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም ኩዊን፣ ዩ ቱና ሌሎች የዘመኑ ታላላቅ የሮክ ሙዚቀኞች በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ስለ ኢትዮጵያ ረኃብተኞች ሲዘፍኑ፣ እኛ በአገራችን ዋና ከተማ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደጅ መውጣት አንችልም ነበር። በሮክ ታሪክ እጅግ የታወቀው የስታዲየም ኮንሰርት ስማችንን ይዞ ተካሄደ፤ የእኛ ባንዶች ግን በሰዓት እላፊና በስደት መካከል ጠፉ።

ኢሕአዴግ በበኩሉ መድረኩን በክልል ከፋፈለው። በ1997 ዓ.ም በጥር ወር የቦብ ማርሊ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ በሰላም ወደ ቤቱ ገብቷል። ሕዝቡ አንድ ላይ መቆም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። በነሐሴ 2009 ዓ.ም ማብቂያ ግን የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም ምረቃ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሊካሄድ ሲል በፖሊስ ተቋረጠ፤ ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ የታቀደው ኮንሰርትም ፈቃድ አጣ። ያው ዘፋኝ ከአራት ወራት በኋላ በባሕር ዳር ተፈቀደለት። ዘፋኙ አልተለወጠም፣ ዘፈኑም አልተለወጠም፣ ሕገ መንግሥቱም ያው ነው። የተለወጠው ፈራሚው ባለሥልጣን ብቻ ነበር። በዚያች ቅጽበት «የሁላችንም ነኝ» የሚለው ዘፋኝ፣ ወደደም ጠላም፣ «የእነ እገሌ» ተባለ።

ሜዳው የማን ነው?

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ ልመለስ፤ የስታዲየም ነገር እዚህ ሲነሣ ጨዋታ አይደለምና። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በግንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ካነሣሣቸው ነገር አንዱ የጭልሞ ደን ጉዳይ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የከተማዋ የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ተላለፈ መባሉ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ የወጡ ተማሪዎች ደም ፈስሷል። የግንጪው ቁጣ ከአምቦው ቁስል ጋር ተገናኝቶ መላ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ማስተር ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም ተሰረዘ። ለምን ይህን አነሣለሁ? የአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆች «ይህ ሜዳ የእኛ ነው» ብለው ሲነሡ ከተናገሩት በላይ ተናግረዋልና ነው። የኳስ ሜዳ በአገራችን ከተሞች ሕዝብ ሳይጠራ፣ ሳይመዘገብና ሳይደራጅ የሚገናኝበት ብቸኛው ሰፊ ቦታ ነው። እርሱን መንጠቅ መሬት መንጠቅ ብቻ አይደለም።

መንግሥት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለሚያውቅም ስታዲየሙን ለራሱ ይወደዋል። ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተሾሙ በዘጠነኛው ቀን አምቦ ስታዲየም ተገኝተው ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ቦታውን መምረጣቸው ተገቢ ነበር፤ ለለውጡ ዋጋ የከፈለች ከተማ ምስጋና ይገባታል። ሆኖም ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ለባለሥልጣን ንግግር በቂ የሆነ ጸጥታ ለዘፋኝ ድምፅ ሲሆን የሚጠፋው ለምንድን ነው?

«ጸጥታ» የምትለዋ ቃል በክልከላ ደብዳቤዎቻችን ላይ የማትጠፋ ናት። እስቲ በሚዛን እናስቀምጣት። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም በመስቀል አደባባይ በተካሄደው የድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ሰው ሞቷል። በየካቲት 2012 ዓ.ም በአምቦ በተደረገ የድጋፍ ሰልፍ ላይ በፈነዳ ቦምብ በርካታ ሰዎች ቆስለዋል። በዚያው በየካቲት ወር ቴዲ አፍሮ በመስቀል አደባባይ ዘፍኖ ታዳሚው በሰላም ተበትኗል። ለአደጋ የተጋለጠው የትኛው እንደሆነ ከማስረጃው እንነሣ ብንል ሊከለከል የሚገባው የድጋፍ ሰልፉ ነበር። ማንም ግን ሰልፍ ይቁም አላለም፤ ሊልም አይገባም። አደጋ ሲያሰጋ ፖሊስ ጥበቃ ያጠናክራል፣ ይፈትሻል፣ ይከላከላል። ይህ ለሰልፍ የሚሠራ ከሆነ ለዘፈን የማይሠራበት ምክንያት የለም። እንግዲህ ባለሥልጣኑን የሚያስፈራው ቦምቡ አይደለም። በሰልፍ ላይ ሕዝቡ የሚጮኸውን መፈክር ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በኮንሰርት ላይ ግን ሕዝቡ አብሮ የሚያዜመውን እርሱ አልጻፈውም።

ያጨበጨቡ እጆች

ወደ ዋናው ተከሳሽ ልምጣ፤ ይኸውም የተማረው የከተማ ሰው ነው።

በ2006 ዓ.ም ቴዲ አፍሮ በበደሌ ቢራ ስፖንሰርነት በየከተማው ሊያደርገው የነበረ የኮንሰርት ጉዞ ተሰረዘ። በስሙ የተሠራጨና እርሱ «አላልሁም» ብሎ ያስተባበለው ንግግር ሰበብ ሆኖ በማኅበራዊ ድረ ገጾች የቢራ እቀባ ዘመቻ ተካሄደ፤ ባለቤቱ ሄይንከንም ስፖንሰርነቱን ተወ። በአጼ ምኒልክ ዘመን ስለሆነው ነገር የኦሮሞ ሕዝብ ያለውን ቁስል አቃልዬ አላይም፤ ቢራ አልጠጣም ማለትም የማንም ሰው ሙሉ መብት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ «እኔ አልሄድም» ማለት መብት ሲሆን «እዚህ ድርሽ አይልም» ማለት ክልከላ ነው። የመጀመሪያውን ኪሴና ኅሊናዬ ይወስናሉ፤ ሁለተኛውን የሚያስፈጽመው ዱላ የያዘ አካል ነው። በዚያ ሰሞን ሁለቱን ለይቶ የጻፈ ምሁር ብርቅ ነበር።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ ምን ነበር? በኦሮምኛ የሚዘፍኑ ሰዎች ሲታሰሩና ሲሰደዱ «ፖለቲከኞች እንጂ ዘፋኞች መቼ ሆኑ» የሚል ማቃለያ ከስንቱ ምሁር አፍ ሰምተናል! በ2009 ዓ.ም የሂልተኑ ምረቃ ሲቋረጥ ግን «ኪነ ጥበብ ታፈነ!» ብሎ የጮኸው ይኸው ሰው ነበር። ያኛው ወገን በበኩሉ በሂልተን ጉዳይ ሳቀ። ሁለቱም የየራሳቸውን ዘፋኝ መታፈን አፈና ይሉታል፤ የሌላውን ግን ፍትሕ።

አበው ለዚህ አንዲት ሐረግ ትተውልናል፤ «ነግ በእኔ» የምትል። ዛሬ በጎረቤትህ ላይ የደረሰው ነገ በአንተ ላይ እንደሚደርስ አስብ ማለት ነው። ነግ በእኔ የማይል ጭብጨባ የገዛ ራሱን የክልከላ ደብዳቤ በባዶው ይፈርማል፤ ባለሥልጣኑ ስሙንና ቀኑን ብቻ ይሞላበታል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያየነው ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ሌሊት ነው። ሃጫሉ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። ገና ወጣት ነበር። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ አስከሬኑ አዲስ አበባ ይረፍ ወይስ አምቦ በሚል ውዝግብ ተነሣ፤ በተከተሉት ቀናት ከ160 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል በጸጥታ ኃይል ጥይት የወደቁ አሉ፤ በማንነታቸው ተለይተው በጎረቤት እጅ የተገደሉም አሉ። በሻሸመኔና በሌሎች ከተሞች የዕድሜ ልክ ጥሪት አመድ ሆነ። ሰኔ 25 ቀን ሃጫሉ በተወለደባት አምቦ ተቀበረ።

ከዚያ በፊት 11 ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ከአምቦ ብዙም በማይርቀው በወሊሶ ያደገው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነው ያ ድምፅ አገሩን ሁሉ በአንድ ላይ አስለቅሷል። ለሐዘኑ የመታወቂያ ካርድ የጠየቀ አልነበረም። የጥላሁን ዘመን ገነት ነበር አልልም፤ አፍራን ቀሎ የተበተነው በዚያው ዘመን ነውና። የምለው ይህን ነው፤ ዘፋኝ የሁሉ ሆኖ ሲኖር ሞቱ የሁሉ ሐዘን ይሆናል፤ የአንድ ወገን ባንዲራ ተደርጎ ሲኖር ግን ሞቱ የጦርነት ነጋሪት ይሆናል። ሃጫሉን ባንዲራ ያደረገው ሃጫሉ አይደለም። ከአንድ አዳራሽና ከአንድ ቋንቋ ጣቢያ በቀር ቦታ የነፈገው ሥርዓት፣ ቋንቋውን ያልሰማው ምሁር፣ በስሙ የሚነግደው ፖለቲከኛ፣ እነዚህ ተባብረው ነው።

ከሃቫና የመጣ ትምህርት

«አገር ሲረጋጋ እንዘፍናለን» የሚሉ አሉ። ለእነርሱ የኩባን ጉዳይ ልጥቀስ፤ ወታደሮቿ በኦጋዴን አብረውን ስለተዋጉ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው ሮሊንግ ስቶንስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዓለምን ስታዲየሞች ሲያዳርስ ኩባን አልረገጠም ነበር። የኩባ አብዮታውያን የሮክ ሙዚቃን ለረጅም ጊዜ የጠላት ርዕዮተ ዓለም አድርገው ይመለከቱት ነበር። መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም ግን እነዚያ አብዛኞቹ በ70ዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎች በሃቫና ሰፊ ሜዳ ላይ ለመቶ ሺዎች ያለ ክፍያ ተጫወቱ። የኩባ መንግሥት አልወደቀም፤ አብዮቱም በጊታር አልፈረሰም። ሕዝቡ ዘፍኖ ወደ ቤቱ ሄደ። የከለከሉት ባለሥልጣናት ለአሥርተ ዓመታት የጠበቁት ከጥላቸው ጋር ሲታገሉ ነበር ማለት ነው። በዚያው መጋቢት ወር እኛ በኦሮሚያ ከተሞች ልጆቻችንን እየቀበርን ነበር።

ምን ይደረግ?

ክስ ብቻ ማንበብ እንደሚሰለች አውቃለሁና ወደ መፍትሔው ልግባ።

አንደኛ፣ ኮንሰርት ከፈቃድ ወደ ማሳወቅ ይሸጋገር። የሚያስቀው ነገር እዚህ አለ። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰላማዊ ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚያደርግ ወገን የሚጠበቅበት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ «በየትኛውም ቦታና ጊዜ አይደረግም» ማለት ግን አይችልም። አዋጁ በስሙ እንደሚነግረን የሚመለከተው ሰልፍንና የፖለቲካ ስብሰባን ነው፤ ኮንሰርትን አይጠቅስም። ስለዚህ አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ከዘፋኙ ጎን የፓርቲ ሊቀ መንበር ቢያስቀምጥ በወረቀት ላይ የተሻለ መብት ያገኛል! አዋጁ ራሱ በተግባር ስንት ጊዜ እንደተጣሰ እናውቃለን፤ ቢሆንም የተጻፈ ሕግ የጣሰ ባለሥልጣን ይከሰሳል፤ ምንም ሕግ ያልተጻፈለትን መብት የነፈገ ግን የሚጠየቅበት መሠረት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን ነጻነት ጠቅሷል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። እነዚህን ወደ ዝርዝር ሕግ ማውረድ የምክር ቤቶች ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የከለከለ ይክፈል። ቲኬት ተሸጦ፣ መድረክ ተሠርቶ፣ የድምፅ መሣሪያ ተከራይቶ በዋዜማው «በላይ ትእዛዝ» የሚቋረጥ ዝግጅት ኪሳራው በአዘጋጁና በባንዱ ላይ ይወድቃል። የበላዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ትእዛዙም በስልክ ነው። የክልከላው ደብዳቤ በጽሑፍ ይሁን፣ ፊርማ ይኑረው፣ ምክንያቱ ፍርድ ቤት ፊት ካልቆመ ኪሳራውን ከልካዩ መሥሪያ ቤት ይሸፍን። ያን ጊዜ «ጸጥታ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትቀል እናያለን።

ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ስታዲየሞች የኪራይ ዋጋቸውንና ደንባቸውን በግልጽ ይለጥፉ። ለኦሮምኛ ዘፋኝም፣ ለአማርኛ ዘፋኝም፣ ለትግርኛ ዘፋኝም፣ ለመንፈሳዊ ጉባኤም አንድ ዋጋ፣ አንድ ወረፋ ይሁን። ባሕር ዳር የአማርኛ፣ አምቦ የኦሮምኛ፣ ሐዋሳ የሲዳምኛ ዘፋኝ ብቻ የሚቆምባቸው መድረኮች እንዲሆኑ የሚፈልግ ካለ ይህን በግልጽ ሕግ አድርጎ ያውጣና በታሪክ ፊት ይቁም።

«ታዲያ የሚያቆስል ዘፈንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በክፍል ውስጥም ከተማሪዎቼ ደጋግሞ ይቀርብልኛል፤ የሚጠይቁኝም ከሁለቱም ወገን ናቸው። መልሴ አንድ ነው። ለወንጀል የሚያነሣሣ ንግግር በወንጀል ሕግ ይዳኛል፤ ዘፈንም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ዳኛው ግን የፍርድ ቤት ዳኛ እንጂ የከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መሆን የለበትም። ሕግ ያልጣሰ፣ ነገር ግን ስሜቴን የነካ ዘፈን ሲያጋጥመኝ ደግሞ በእጄ ያለው መሣሪያ ብዕር ነው። እጽፋለሁ፣ እተቻለሁ፣ ሌላ ዘፈን እንዲዘፈን እቀሰቅሳለሁ። የታሪክ ቁስል የሚድነው ሁሉም የየራሱን በዜማ ሲናገርና ሌላው ሲሰማ ነው፤ አፍ በመለጎም የዳነ ቁስል በታሪክ አልታየም።

በመጨረሻም

ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ ከኮንሰርት በፊት የሚቀድሙ ብዙ ነገሮች እንደነበሩ አልዘነጋም። ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ በሰላም መመለሱን ሲጠብቅ፣ መንገደኛ ከኬላ ወደ ኬላ በሥጋት ሲጓዝ፣ ስለ ዘፈን መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። ሰዎች ያለ ቀስቃሽ፣ በገዛ ገንዘባቸው ቲኬት ቆርጠው፣ ከማያውቁት ሰው አጠገብ ቆመው አንድ ዜማ የሚያዜሙበት ቦታ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። ይህንንም ስንዘጋ ሕዝቡ የሚገናኝበት ቦታ የቀብር ሥነ ሥርዓትና የድጋፍ ሰልፍ ብቻ ይሆናል። ሁለቱንም ጠግበናል።

ስለዚህ አንባቢዬን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ነገ የማትወደው ዘፋኝ በከተማህ ስታዲየም ሊዘፍን መሆኑን ትሰማለህ። አትሂድ፤ ማንም አያስገድድህም። ብትፈልግም ዘፈኑ ደካማ ነው ብለህ ጻፍ። በዋዜማው «ተከለከለ» የሚል ወሬ ሲመጣ ግን እጅህን ሰብስብ፤ አታጨብጭብ። ከቻልህ ደግሞ ከሁሉ በፊት «ለምን?» ብለህ የምትጠይቀው አንተ ሁን። የአምቦ ሰው ስለ ቴዲ አፍሮ፣ የባሕር ዳር ሰው ስለ ኦሮምኛ ዘፋኝ «ለምን ተከለከለ?» ብለው የጠየቁ ዕለት ባለሥልጣኑ የሚታደለው ችሮታ ያልቅበታል።

ለሃጫሉ ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይታየኝም።

ቸር ይግጠመን።